ወንድሜ «ስለ ክርስቶስ ሞኝ ሆኛለሁ» ይላል

ጥያቄው ረዘም ያለ ነው። ፍሬ ነገሩ ይኸው፦

«መምህር፣ የ25 ዓመት ታናሽ ወንድም አለኝ። ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ሥራ ይዞ ነበር። ከዐቢይ ጾም ወዲህ ሥራውን ትቷል። ጫማ አያደርግም፣ ገላውን አይታጠብም፣ ሌሊት ሁለት ሰዓት ከተኛ ብዙ ነው። የመጨረሻ ደመወዙን በአንድ ቀን መንገድ ላይ በትኖት መጣ። ቅዳሴ ላይ ድምፅ አውጥቶ ይስቃል። ለምን ስንለው ‹እኔ ስለ ክርስቶስ ሞኝ ነኝ፣ እንዲህ አድርግ ተብያለሁ› ይላል። አንድ ሰባኪ ስለ ቅዱሳን እብዶች ሲያስተምር በኢንተርኔት ሰምቶ ነው የጀመረው። እማዬ ‹ተመርጧል፣ አትንኩት፣ ጌታንም አብዷል ብለውታል› ትላለች። እኔ ታሟል ባይ ነኝ። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ቅድስና አለ? መጽሐፈ ምሳሌ ሞኝን እያወገዘ ጳውሎስ ሞኝ ሁኑ የሚለውስ ለምንድን ነው? ካለስ ከበሽታ በምን ይለያል?»

አስቸኳዩ የመጨረሻው ጥያቄሽ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ወንድምሽ በዚህ ሳምንት ሐኪም ማየት አለበት። እኔ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው የማስተምረው፣ የአእምሮ ሐኪም አይደለሁም። በሽታው ይህ ነው ልልሽ አልችልም። እሱ የያዘው መንገድ ግን ስሙን ከጠራው ትውፊት ጋር እንደማይገጥም ልነግርሽ እችላለሁ። እናትሽንም የምታሳምኚያቸው በዚሁ በኩል ይመስለኛል፤ ሕክምና ሕክምና በማለት ብቻ አይሆንልሽም።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። በ1954ቱ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ምሳሌ ላይ የሚወቀሰው «ሰነፍ» ነው። ዛሬ ሰነፍ ስንል ሥራ የማይወድ ማለታችን ነው። ሥራ የማይወደው ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ስም አለው፤ «ታካች» ይባላል። ወደ ገብረ ጉንዳን ሂድ የተባለው እሱ ነው። ሰነፍ በዚያ አማርኛ ማስተዋል የጎደለው፣ ምክር የማይገባው ሰው ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 «አንተ ሰነፍ» የተባለውን ባለጠጋ አስቢው። እርሻው ሞልቶለት ጎተራ አፍርሶ የሚበልጥ ጎተራ ሊሠራ የተነሣ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ሥራ ፈት ይለዋል? ስንፍናው ሌሊቱን እንደሚሞት አለማሰቡ ነው።

ዳዊት የሚደግም ሰው ደግሞ «ይብል አብድ በልቡ አልቦ እግዚአብሔር» የሚለውን ያውቀዋል። አማርኛው «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» ብሎ መለሰው። የግእዙ «አብድ» ሞኙንም እብዱንም በአንድ ቃል ይይዛል። የእኛ አማርኛ ግን ለያይቷቸዋል። እብድ አለ፣ ሞኝ አለ፣ ጅል አለ፣ ቂል አለ። ከሁሉም ተለይቶ የዋህ አለ። ከተሜው ደግሞ ፋራን ጨመረበት። እነዚህ ሁሉ አንድ አይደሉም። የምሳሌው ሰነፍ ልቡን የዘጋ ሰው ነው፣ እናቶቻችን «የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ» የሚሉት ዓይነት። እሱን ማንም ቅዱስ አላለውም።

ጳውሎስ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው። የቆሮንቶስ ሰዎች «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ» እያሉ ተከፋፍለዋል። ንግግር ያሳመረ ይከበራል። ለግሪክ ሰው በመስቀል ላይ የተሰቀለ አዳኝ ቀልድ ነበር። ጳውሎስ እንግዲህ ይህ ቀልድ ካላችሁት ቀልዱ ይሻላል ይላቸዋል። «ከእናንተ ማንም በዚህች ዓለም ጥበበኛ የሆነ ቢመስለው ጥበበኛ ይሆን ዘንድ ሞኝ ይሁን» ማለቱ፣ አውቃለሁ ባይነትህን አውልቅ ማለቱ ነው። አእምሮህን አውልቅ አላለም።

ወንድምሽ የሚጠቅሰው ቁጥር ደግሞ ከዚያ በኋላ ምዕራፍ 4 ላይ ነው። «እኛ ስለ ክርስቶስ ሞኞች ነን፥ እናንተ ግን በክርስቶስ ልባሞች ናችሁ» ይላል። ይህ ሽሙጥ ነው። «እናንተማ ዐዋቂዎች ናችሁ» እንደሚል አባት ዓይነት አነጋገር። ሰባኪው ይህን ካላስረዳ ትልቅ ነገር ዘልሏል። ወረድ ብለሽ ብታነቢ ደግሞ «በገዛ እጃችን እየሠራን እንደክማለን» ይላል። ወንድምሽ ሥራ የተወበት ጥቅስ የሠራተኛ ጥቅስ ነው።

እንዲህ ያለ ቅድስና አለ ወይ ላልሽው፣ አዎ አለ። ብርቅ ነው እንጂ ተረት አይደለም። ስንክሳርና ገድለ መነኮሳት የሰማ ሰው ከሚያውቀው ልጀምር። ሙሴ ጸሊም፣ ያ ወንበዴ የነበረው፣ በግብፅ በረሃ ዝናው ሲወጣ አንድ ገዢ ሊያየው መጣ። ሙሴ ሰምቶ ሸሸ። መንገድ ላይ ከሰዎቹ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። «የአባ ሙሴ በዓት የት ነው?» አሉት፤ አላወቁትም። «ምን ያደርግላችኋል? ሞኝ ሰው ነው» ብሏቸው አለፈ። ገዢው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ የሆነውን ሲናገር መነኮሳቱ የሰውዬውን መልክ ጠየቁ። ረጅም፣ ጥቁር፣ አሮጌ ልብስ የለበሰ ነው አላቸው። «ሙሴ ራሱ ነዋ!» አሉት። ልብ በይ፣ ሙሴ ሞኝ ነው ያለው ክብር ሲመጣበት ለመሸሽ ነው። ቃሉ መሸሸጊያ ነው የሆነለት።

ከዚህ የጠለቀ ታሪክ ያላት አንዲት ሴት ናት። ጳላዲዮስ የተባለው ጸሐፊ በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጻፈላት። በላይኛው ግብፅ፣ በጣቤና፣ በጳኩሚስ ሥርዐት የሚተዳደር የሴቶች ገዳም ነበር፤ እኛም በግእዝ የምናነበው ያው ሥርዐተ ጳኩሚስ ነው። ወደ 400 የሚሆኑ እናቶች ይኖሩበታል። ሌሎቹ ቆብ ሲያደርጉ አንዷ ራሷ ላይ ጨርቅ ጠቅልላ ወጥ ቤት ትውላለች። እብድ መስላ። ማዕድ አትቀመጥም፣ ፍርፋሪና የድስት እጣቢ ነው ምግቧ። አንዷ እጣቢ ትደፋባታለች፣ ሌላዋ በጡጫ ትላታለች። እሷ ግን ማንንም ሰድባ አታውቅም፣ አንጎራጉራም አታውቅም።

አባ ጲጥሩም የሚባል ባሕታዊ ካንተ የምትበልጥ አለች ተብሎ መጣ። እናቶች ሁሉ ተሰለፉለት። «አንዲት ቀርታለች» አለ። «አንዲት እብድ ወጥ ቤት አለች» አሉት። ጎትተው አመጧት። እግሯ ላይ ወድቆ «ባርኪኝ» አላት። እሷም እግሩ ላይ ወደቀች። እናቶቹ ደንግጠው «አባታችን፣ እብድ እኮ ናት» ሲሉ፣ «እብዶቹስ እናንተ ናችሁ» አላቸው። ያኔ እያለቀሱ በየተራ ያደረጉባትን ተናዘዙ። ጳላዲዮስ ታሪኩን እዚህ ላይ ቢጨርሰው ያምርለት ነበር። እሱ ግን ቀጠለ። ሴትዮዋ የመጣውን ክብር መሸከም አቅቷት በጥቂት ቀን ውስጥ ገዳሙን ለቃ ጠፋች። የት እንደደረሰች፣ የት እንደሞተች ማንም አላወቀም። ስሟን እንኳ አልጻፈውም፤ ኢሲዶራ የሚለው በኋላ የተሰጣት ነው። እኔ ይህን ታሪክ ስንት ዓመት አስተምሬው መጨረሻው ላይ ስደርስ አሁንም ዝም እላለሁ።

የሰባኪው ዋና ምሳሌ ግን ስምዖን ሳሎስ ሳይሆን አይቀርም። «ሳሎስ» በግሪክ አፍ እብድ፣ ቂል ማለት ነው። የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። ገድሉን በ7ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው በቆጵሮስ የነያጶሊስ ጳጳስ የነበረው ልዮንጥዮስ ነው። ስምዖን ኤሜሳ ወደምትባለው የሶርያ ከተማ፣ ዛሬ ሆምስ ወደምንላት፣ ሲገባ ከቆሻሻ ክምር ላይ የሞተ ውሻ አነሣ። በመታጠቂያው ገመድ እግሩ ላይ አስሮ እየጎተተ በከተማው በር ገባ። የተማሪ ቤት ልጆች «እብድ መነኩሴ!» እያሉ ተከተሉት። በማግስቱ እሑድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ መብራት አጠፋ፣ ሴቶቹን በለውዝ መታ። ሊያስወጡት ሲታገሉ የጣፋጭ ሻጮችን ገበታ ገለበጠ፣ እነሱም ቀጠቀጡት። አንድ የባቄላ ሾርባ ሻጭ ሲቀጥረው ባቄላውን ለድኻ ሲያድል ዋለ። በጸሎተ ሐሙስ በሰው ፊት ተቀምጦ ይበላል። ሰው የማያየው ጾሙ ግን ከሁሉም ይረዝም ነበር።

ወንድምሽ ይህን ሰምቶ ቢማረክ አይገርመኝም። እኔም ወጣት ሆኜ ማርኮኛል። ግን ሰባኪው የዘለለው ክፍል አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። ስምዖን ያንን ውሻ ከማንሣቱ በፊት በሙት ባሕር አጠገብ በበረሃ 29 ዓመት ኖሯል። ሃያ ዘጠኝ። በገዳም ጀምሮ፣ ከአባት ተባርኮ፣ ከአንድ ጓደኛው ጋር። ወደ ከተማ ልሂድ ሲል ጓደኛው ሰይጣን እንዳያታልልህ ተጠንቀቅ ብሎ ለመነው። ስምዖን ራሱ ደግሞ በኢየሩሳሌም አንድ ነገር ጸለየ፤ ሥራዬ እስክሞት ይሸሸግልኝ አለ። በኤሜሳ ምሥጢሩን የሚያውቅ አንድ ዲያቆን ብቻ ነበር። ከዲያቆኑ ጋር ብቻቸውን ሲሆኑ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ያወራል። የሞተውም ጎጆው ውስጥ በጭራሮ ሥር ገብቶ ነው። በእንግዶች መቃብር ያለ መዝሙር ቀበሩት። ከተማው ማን እንደነበረ ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የሰሙ ሞኝነት፣ የወርቁ ትሕትና ነው ብሎ መተው ይቻላል። ግን አንድ ደረጃ ወደ ታች እንውረድ፣ ምክንያቱን እንየው። እነዚህ ሰዎች የሚፈሩት አንድ በሽታ ነበር፣ አባቶቻችን ውዳሴ ከንቱ የሚሉት። የጾመ ሰው ጾመ ይባላል፣ መባሉ ይጣፍጠዋል፣ ከዚያ ወዲያ የሚጾመው ለዚያ ጣዕም ነው። መድኃኒቱ መደበቅ ነው። ተራው ሰው በር ዘግቶ ይጸልያል። ሰው ግን በረሃ ድረስ ሲከተልህ ምን ታደርጋለህ? እብድ ትባላለህ፣ ያኔ ማንም አያመሰግንህም። ሞኝነቱ የተቆለፈ በር ነበር። በዚያ በር ላይ «እዚህ ውስጥ ቅዱስ አለ» ብሎ የሚለጥፍ ሰው በሩን ከፍቶታል። «እኔ ስለ ክርስቶስ ሞኝ ነኝ» ብሎ ራሱን ያስተዋወቀ ሰው፣ ምንም ክፉ ሐሳብ ባይኖረው እንኳ፣ የነስምዖንን ሥራ እየሠራ አይደለም። ይህ ለእኔ ከምልክቶች ሁሉ የመጀመሪያው ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ለዚህ መንገድ በሩን ወለል አድርጋ አልከፈተችም። በ691 እና 692 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤ በ60ኛው ቀኖናው አጋንንት የያዘው የሚያስመስል ሰው፣ በእርግጥ ለተያዘ የሚታዘዘው መከራና ድካም ሁሉ ይታዘዝበት ብሏል። ጉባኤው የእኛ አይደለም፤ አብያተ ክርስቲያናት በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ከተለያዩ በኋላ የሆነ ነው። የጠቀስኩት ይህን ቅድስና አብዝቶ ያከበረው የግሪኩ ወገን ራሱ ምን ያህል እንደሚፈራው እንድታዪ ነው። ልዮንጥዮስም ስምዖንን ምሰሉ ብሎ አልጻፈም፤ የምትንቁትን ሰው ማንነት አታውቁምና አትፍረዱ ነው ነገሩ።

መንገዱ በጣም የሰፋው በሩሲያ ነው። ሞስኮ በቀይ አደባባይ ያለችው ባለ ብዙ ጉልላቷ ቤተ ክርስቲያን በሕዝብ አፍ የምትጠራው በአንድ እንዲህ ባለ ሰው፣ በብፁዕ ባስልዮስ ስም ነው። ከ1555 እስከ 1561 ተሠራች፤ በመቃብሩ ላይ ያለው ክፍል በ1588 ተጨመረ። በዚያው ዘመን በፕስኮቭ ከተማ ኒኮላ የሚባል «ሞኝ» ነበር። የሩሲያው ንጉሥ አራተኛው ኢቫን በ1570 ኖቭጎሮድን ፈጅቶ ሲመጣ፣ በጾም ጥሬ ሥጋ አቀረበለት ይባላል። ንጉሡ «ክርስቲያን ነኝ፣ በጾም ሥጋ አልበላም» ሲል፣ «የክርስቲያን ደም ግን ትጠጣለህ» አለው። ከተማዋ ከእልቂት ተረፈች። ያንን ቃል ጳጳስ ቢናገረው አንገቱ ይቀላ ነበር። እብድ የተባለ ሰው ግን የሚያጣው ክብር የለውም፣ ስለዚህ እውነት ለመናገር ነጻ ነው። አለቃ ገብረ ሐናን እዚህ ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። እኔ አልስማማም። አለቃ የቅኔ ሰው፣ የቀልድ ሊቅ ነበሩ፤ ሞኝ መስለው አያውቁም። ብልህነታቸውን ሁሉም ያውቅ ነበር።

በሌሎች እምነቶችም ተመሳሳይ ነገር ታገኛለሽ፣ በአጭሩ ልለፈው። በባግዳድ በኸሊፋው በሃሩን አል ረሺድ ዘመን እብድ መስሎ ለገዢው እውነት ይናገር ነበር ስለሚባለው ስለ ቡህሉል የሚነገረው ከኒኮላ ጋር ይመሳሰላል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በፋርስ ከተማ በኒሻፑር የነበሩት መላመቲዎች የሚባሉ የእስልምና መናንያን ደግሞ መልካም ሥራቸውን ደብቀው ወቀሳን ይመርጡ ነበር። ያው እስልምና ግን ስለ እውነተኛ እብደት የሚለው ሌላ ነው። ብዕር ከሦስት ሰዎች ላይ ተነሥቷል ይላል ሐዲሱ፤ ከተኛው፣ ከልጁ፣ አእምሮውን ካጣው። አእምሮውን ያጣ ሰው አይጠየቅም፣ ይጠበቃል እንጂ። በጃፓን ከ1758 እስከ 1831 የኖረው የዜን መነኩሴ ርዮካን ለራሱ «ታላቁ ሞኝ» የሚል ስም አወጣ። ራሱን አስተዋወቀ ትይኝ ይሆናል። ግን ሥራው ከመንደር ልጆች ጋር ኳስ መጫወትና ግጥም መጻፍ ነበር፤ በስሙ ማንንም አላስፈራራም፣ ተመርጫለሁም አላለም።

እንግዲህ ልዩነቱ። እናትሽ «ጌታንም አብዷል ብለውታል» ያሉት ልክ ነው፤ ማርቆስ 3፣ 21 ላይ አለ። ሮማዊው ገዢ ፊስጦስም ጳውሎስን አብደሃል ብሎታል። ግን ይህ ማስረጃ አይሆንም። ቅዱሱንም እብድ ይሉታል፣ እብዱንም እብድ ይሉታል። ስሙ አንድ ከሆነ የሚለየው ሌላ ነገር መሆን አለበት።

ጥንታዊዎቹ ምን እንደሚያዩ ከታሪኮቹ መረዳት ይቻላል። ሰውየው መሆንም መተውም ይችላል ወይ? ስምዖን ከዲያቆኑ ጋር ሲሆን ጭምብሉን ያወልቅ ነበር። ዳዊት በጌት ንጉሥ ፊት በጢሙ ላይ ልጋጉን ሲያዝረበርብ እያስመሰለ ነበር፤ ካመለጠ በኋላ «እባርኮ ለእግዚአብሔር በኵሉ ጊዜ» ብሎ ዘመረ። ወንድምሽ ካንቺ ጋር ብቻውን ሲሆን እንደ ድሮው ይሆናል? ለመተኛት ቢፈልግ ይተኛል? የማይችል ከሆነ ምርጫ አይደለም። ቀጥሎ፣ የሚታዘዝለት አባት አለው ወይ? በእኛ ገዳማት ማንም ተነሥቶ አይመንንም። አመክሮ አለ፣ እንጨት መልቀም አለ፣ ውሃ መቅዳት አለ፣ አበ ምኔቱን መታዘዝ አለ። ከኢንተርኔት በሰሙት አንድ ስብከት ወደ ላይኛው መሰላል መውጣት የለም። ሦስተኛው፣ ኪሳራው የማን ነው? ኢሲዶራ የከፈለችው በራሷ ክብር ነው። እናት እያስለቀሱ ትሕትና አስቸጋሪ ነው። ኢሳይያስ ሦስት ዓመት ራቁቱን ሄዷል፣ ሕዝቅኤል 390 ቀን በጎኑ ተኝቷል ትይኝ ይሆናል። እነሱ ለሕዝብ የሚነገር ግልጽ መልእክት ነበራቸው፣ ምልክቱም በቀን የተቆረጠ ነበር።

አሁን ወደ ጻፍሽው ዝርዝር ተመለሺ። ሁለት ሰዓት እንቅልፍ። ገንዘብ መበተን። ያለ ምክንያት መሳቅ። ንጽሕና መተው። «ተብያለሁ» ማለት። የ25 ዓመት ወንድ። ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በዚህ ዕድሜ ነው። ከሚታዩባቸው ምልክቶች አንዱም ሰው በሚያምነው ሃይማኖት ቋንቋ መናገር ነው። ሃይማኖቱ አላሳመመውም። ሕመሙ በአካባቢው ያገኘውን ልብስ ለበሰ እንጂ። እንዲህ ያለው ሕመም ሕክምናው ቶሎ ከተጀመረ ይታከማል፤ በቆየ ቁጥር ይከብዳል። ለዚህ ነው በዚህ ሳምንት ያልኩሽ። አዲስ አበባ ስለሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሌሎች ጠቅላላ ሆስፒታሎችም አሉ። ራሱን ወይም ሌላ ሰው ስለ መጉዳት ካወራ፣ ወይም እህል ውሃ ካቆመ፣ ሳምንት አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ተሳስቼስ ቢሆን? ምን ይጎዳል? ሐኪም አይቶት ጤነኛ ነው ቢል ያጣችሁት የግማሽ ቀን ወረፋ ነው። እናትሽ ተሳስተው ከሆነ ግን የሚጠፋው ልጅ ነው።

እናትሽን «ሕክምና ወይስ ጸበል» ብለሽ አታፋጪያቸው። ጸበሉን ይቀጥል። ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል። ሲራክ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው ከ81ዱ መጻሕፍት ነው፣ እናትሽ አይክዱትም። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስም የኤችአይቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም ብለው በይፋ ተናግረዋል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። ማንም፣ አጥማቂም ቢሆን፣ የተጀመረ መድኃኒት አቋርጥ ካለው አትስሙት። ማሰርና መምታት ደግሞ በምንም ምክንያት አይሆንም። አንዳንድ ሰፈር ልጁን ባሕታዊ ነው ብለው እየመጡ ትንቢት ንገረን የሚሉ አይጠፉም። በሩን ዝጉባቸው። ለታመመ ሰው ከሰዳቢ ይልቅ አድናቂ ይጎዳዋል።

ከወንድምሽ ጋር ስለ ሰማው ድምፅ አትከራከሪ። ውሸት ነው ብትዪው ይሸሽሻል፣ እውነት ነው ብትዪው ይጸናበታል። «እንቅልፍ አጥተሃል፣ አሳስቦኛል» በይው። ኤቲኤሙን አንቺ ጋ እንዲያስቀምጥ ለምኚው። ከዚያ ለንስሐ አባታችሁ ዛሬውኑ ደውዪ፤ ሁሉንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ወደ ሐኪም ሂድ የሚለውን ቃል እሳቸው ቢናገሩት ካንቺ ይልቅ ይሰማቸዋል። ወንድምሽ መነኩሴውን ዮሐንስ ሐጺርን ያውቀዋል፣ ከስንክሳር። መምህሩ ደረቅ እንጨት ተክለው ውሃ አጠጣው አሉት። ውሃው ሩቅ ነበር፣ ማታ ሄዶ ጠዋት ይመለሳል። ሦስት ዓመት አጠጣ። ለምን አላለም። የንስሐ አባታችሁ ይህን ያንሡለትና «ልጄ፣ እኔ የማዝህ አንድ ጠዋት ብቻ ነው» ይበሉት።

እሺ ካለ በማግስቱ በጠዋት ውጡ፣ ወረፋው ረጅም ነው። እናትሽም ይምጡ። የጀመረበትን ቀን፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚናገር በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ ሐኪሙ የሚጠይቅሽ ይህን ነው። ጸበሉንም በኮዳ ይያዙለት። ጫማ እምቢ ካለ እዚያ ላይ አትጣዪው፤ ታክሲ ያዙ።